ሌባ የሚወደውን መኪና ይዞ መኖር፦ ልሽጠው ወይስ ልጠብቀው?

አንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና በተራ የተጻፉ መልሶቹን፣ አነበብኩ፤ መላሾቹን በመልሳቸው ተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ክሩን የከፈተው ሰው (ከፋቹ) የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ መኪናውን ይሽጠው ወይስ ይዞት ይቆይ። የቀረው ሁሉ ብስጭት ነበር። መኪናው በአዝራር የሚነሳ፣ ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ነው። ሌቦች የሚሻሙበት ሞዴል መሆኑን የሰማው ከገዛው በኋላ ነው፤ ያውም ከመድን ድርጅቱ። ድርጅቱ ውሉን ሲያድስ አረቦኑን ከፍ አድርጎ፣ መከታተያ ጂፒኤስ ካልተገጠመለት ለስርቆት ካሳ እንደማይከፍል ጻፈለት። ይህ ሳያንስ አንድ ጠዋት ሲወጣ የግራው የፊት ፓራውልት ጠርዙ ተላቆ፣ የጎማው ሽፋን ፕላስቲክ ወደ ውጭ ተጎትቶ፣ የፊት መብራቱ ሶኬት ተነቅሎ ከነሽቦው ተንጠልጥሎ አገኘው። መስታወት አልተሰበረም፤ በር አልተነካም። የገመተው፣ የፊት መብራት ሊፈታ የመጣ ሌባ ኮቴ ሰምቶ ጥሎ እንደሄደ ነው። ፎቶውን አያይዞ፣ ሌባ የመረጠውን መኪና መያዝ ለምን የባለቤቱ ዕዳ እንደሚሆን በምሬት ጠይቆ ዘጋው።

1ኛው መልስ ማጽናኛ ብቻ ነው። 2ኛው ረጋ ያለ ምክር ይዞ መጣ፤ ቁልፉን ሞገድ በማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ እንዲያስቀምጥ ነገረው፤ ምክንያቱንም ለማያውቅ ሰው በሚገባ አብራራ። በአዝራር የሚነሳ መኪና እጀታው ሲነካ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ለቅቆ ቁልፉን ይጣራል፤ ቁልፉ ቅርብ ከሆነ ይመልስለታል። ሌቦቹ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ መኪናው ጎን ይቆማል፣ ሌላው አንቴና ይዞ የቤቱን ግድግዳና በር እየታከከ ቁልፉን ይፈልጋል። የመኪናውን ጥሪ ወደ ቤት፣ የቁልፉን መልስ ወደ ውጭ ያቀባብሉታል። መኪናው ቁልፉ አጠገቡ ያለ ይመስለውና ይከፈታል፣ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ቢርቅም ሞተሩ አይጠፋም፤ መንገድ ላይ በድንገት ቢጠፋ አደጋ ስለሚያመጣ ነው። ከረጢቱ እያረጀ ስለሚሄድ መሞከሪያውንም ጨመረለት፤ ቁልፉን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ መኪናው አጠገብ ሄዶ እጀታውን መንካት ነው። ከተከፈተ ከረጢቱ ሞቷል። ተቀያሪ ቁልፉም እንዳይረሳ አሳሰበ።

3ኛው ከከፋቹ ግምት ጋር ተስማማ። መብራት ለብቻው መሰረቁ አዲስ አለመሆኑን ለማሳየት በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የኒሳን ማክሲማ የዜነን መብራቶች እንዴት እንደታደኑ አስታወሰ። እስከዚህ ድረስ ክሩ እንደማንኛውም ክር ነው።

4ኛው ግን ነገሩን ገለበጠው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ባይ ነው። ፎቶውን አጉልቶ ሲያየው መብራቱን የያዙት ብሎኖች አንዳቸውም እንዳልተነኩ አስተውሏል፤ መብራት የሚሰርቅ ሰው ደግሞ ብሎን ይፈታል እንጂ ሶኬት ነቅሎ አይሄድም። ስለዚህ ሌባው የመጣው ለመብራቱ ሳይሆን ለመኪናው ነው አለ። በዘመናዊ መኪና ውስጥ ያሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ካን ባስ በሚባል ጥንድ ሽቦ ይነጋገራሉ፤ በብዙ መኪኖች ላይ መልእክቱን ማን እንደላከው የሚያጣራ የለም። የፊት መብራቱም በዚያው መስመር ላይ የሚገኝበት መኪና ሲሆን፣ በር ሳይከፈት ከውጭ በቀላሉ የሚደረስበት ጫፍ እሱ ነው። ሌባው ሶኬቱን ነቅሎ የራሱን መሣሪያ ይሰካል፤ መሣሪያው የቁልፍ መቀበያውን መስሎ ትክክለኛው ቁልፍ መገኘቱን ያበስራል። ትክክለኛው ቁልፍ ካልተገኘ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለው ኢሞቢላይዘር ይለቃል፤ በሩም ይከፈታል። ቁልፉ ከረጢት ውስጥ ቢሆን፣ ባሕር ማዶ ቢሆን ለውጥ የለውም።

ማስረጃም አቀረበ። በ2022 ለንደን ውስጥ ኢያን ታቦር የተባለ የመኪና ሳይበር ደህንነት ተመራማሪ ቶዮታ ራቭ4 መኪናው በዚሁ አኳኋን ተነካክቶ አገኘው፤ ፓራውልቱ ተላቆ፣ የመብራቱ ሽቦ ተነቅሎ። እሱም መጀመሪያ የመሰለው ተራ ጥፋት ነበር። ኋላ መኪናው ተሰረቀ። መኪናው የላካቸውን የብልሽት ኮዶች ሲመረምር ብዙ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ግንኙነት ማጣታቸውን አየ፤ ከዚያም ከመኪና ኔትወርክ ባለሙያው ከኬን ቲንደል ጋር ሆነው ዘዴውን ፈልፍለው አወጡት፣ ቲንደልም በ2023 ዝርዝሩን አሳተመው። መሣሪያው ተራ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ሣጥን ውስጥ ተደብቆ የሚሸጥ ነበር፤ ፖሊስ አስቁሞ ቢፈትሽ ሙዚቃ መስሚያ ነው የሚያገኘው። 4ኛው የደመደመው፣ ሌቦቹ ሥራቸውን ስላልጨረሱ ተመልሰው ሊመጡ እንደሚችሉ በመጠቆምና መኪናው በዚያው ቦታ እንዳያድር በመምከር ነው።

ክሩን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ ከዚህ መልስ በኋላ የተጻፈውን ግማሹን ባላነበውም የሚጎድልብኝ አይመስለኝም። ሌላው ግማሽ ግን ይነበባል።

በ5ኛው ከፋቹ ተመልሶ አመሰገነ፤ ድንጋጤው ያስታውቃል። 2ኛውም ሳይከፋው፣ ከረጢቱ ለአንዱ ዘዴ እንጂ ለሁሉም እንደማይሆን አምኖ፣ ያም ሆኖ መጣል እንደሌለበት በ6ኛው ጻፈ። ጨዋነት ማለት ይህ ነው፤ ብዙ አልቆየም እንጂ።

7ኛዋ ጸሐፊ በመድን ሥራ ላይ ጉዳት ትገምት የነበረች ናት። ከፋቹ ጥያቄውን ከተሳሳተ ጫፍ እንደያዘው ነገረችው። ሌባ ይወደዋል ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ መጠየቅ ያለበት ያ ሞዴል በየት በኩል እንደሚሰረቅና ከተሰረቀ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ነው። አንዳንዱ መኪና የሚሰረቀው ስለሚቀል ነው፤ ልጆች ነድተውት ቤንዚኑ ሲያልቅ መንገድ ዳር ይገኛል። ሌላው ታርዶ በመለዋወጫነት ይሸጣል፤ ይህ ብዙ ጊዜ አሮጌና በየመንገዱ የሞላ ሞዴል ነው፣ ምክንያቱም ፈላጊው ብዙ ነው። ሌላው በትእዛዝ የሚሰረቅ ውድ መኪና ነው፤ ሻንሲ ቁጥሩ ተቀይሮ ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ድንበር ይሻገራል። ደግሞ ሳይንቀሳቀስ የሚዘረፍም አለ፤ ጎማው፣ ኤርባጉ፣ ከሥሩ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር። ለአንዱ የተገዛ መከላከያ ለሌላው አይረባም። ጂፒኤስ ከሥር የሚቆረጥን ካታሊቲክ አያድንም፤ የመሪ ብረት በሚጎትት መኪና ለሚወስድ ሌባ ቀልድ ነው። ከዚህ በላይ የሚጨመር ነገር የለም ብዬ አስቤ ነበር።

8ኛው ግን ጨመረ። አንድ ብዙ የሚሰረቁ መኪኖች ዝርዝር ለጥፎ፣ የከፋቹ ሞዴል እላይ ስለሌለ መጨነቁ ከንቱ መሆኑን አወጀ። በ9ኛው ወዲያው ታረመ። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት የተሰረቁትን ብዛት ነው፤ በብዛት የተሸጠ መኪና በብዛት መሰረቁ አይቀርም። ለባለቤቱ የሚጠቅመው ከስንቱ ስንቱ ተሰረቀ የሚለው ነው። ለማነጻጸሪያ በ2023 የወጣውን የአሜሪካ የመድን ኪሳራ መረጃ ተቋም ሪፖርት ጠቀሰ። ዶጅ ቻርጀር ኤስአርቲ ሄልካት በመንገድ ላይ ብዙም የማይታይ መኪና ሆኖ ሳለ፣ በመድን ከተያዙት አንጻር ሲሰላ የስርቆት ጥያቄው ከአማካዩ ከ60 እጥፍ በላይ ነበር። ከታች በኩል ደግሞ ቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቻርጅ ለመደረግ ቤት አጠገብ ወይም ጋራዥ ውስጥ ማደራቸው አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በ10ኛው የ1990ዎቹ ሆንዳ አኮርድ የነበረው ሰው ትዝታውን አመጣ። አኮርድና ሲቪክ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የሚመጡት ኢሞቢላይዘሩ ቁልፉን የሚያውቅበት ቺፕ ሳይኖራቸው ነበር፤ የቁልፍ ቀዳዳቸው ሲያረጅ ደግሞ ጥርሱ ያለቀ የሌላ መኪና ቁልፍ ይከፍታቸዋል። እሱም አንድ ቀን ከገበያ ወጥቶ መኪናውን ከፍቶ ገብቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ወንበሩ እንደጠበበው ተሰምቶት ወደ ኋላ ዞር ሲል የሕፃን መቀመጫ አየ። ልጅ የለውም። መኪናው የሌላ ሰው ነው። ቶሎ ወርዶ ቆልፎ ሮጠ። ክሩ ውስጥ ሁሉም የሳቀው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

11ኛው ወደ ኪያና ሃዩንዳይ ወሰደው፤ ይህ ርእስ ሲነሳ የማይቀር ታሪክ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ፣ በቁልፍ ተጠምዝዘው የሚነሱ ብዙ ሞዴሎች ከ2011 እስከ 2021 ድረስ ኢሞቢላይዘር ሳይገጠምላቸው ወጡ። በ2015 ሞዴሎች የሁለቱ ኩባንያዎች መኪኖች ኢሞቢላይዘር በመደበኛነት የተገጠመላቸው 26 በመቶዎቹ ብቻ ሲሆኑ የሌሎቹ አምራቾች 96 በመቶ ነበር። የመሪውን ሥር ፕላስቲክ ገንጥሎ በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ማስነሳት እንደሚቻል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ ሲሰራጩ በ2022 ወረርሽኝ ሆነ። አብዛኞቹ ሌቦች ታዳጊዎች ነበሩ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በየካቲት 2023 በፈረንጆቹ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሲያስታውቅ 14 ግጭቶችና 8 ሞቶች ተመዝግበው ነበር። ኩባንያዎቹ ለ8.3 ሚሊዮን መኪኖች ነጻ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጡ፤ አላርሙን ከ30 ሰከንድ ወደ 1 ደቂቃ ያረዝማል፣ ሞተሩም ያለ ቁልፍ እንዳይነሳ ያደርጋል። የዚህ ሰው ምሬት ግን ሌላ ነው። ማሻሻያውን አስጭኖም፣ መኪናው መሻሻሉን የሚናገረውን ተለጣፊ መስታወት ላይ ለጥፎም፣ የኋላ መስታወቱ ተሰብሮ መሪው ሥር ተገንጥሎ አገኘው። መኪናው አልተወሰደም፤ ሌባው ግን ተለጣፊ አላነበበም። ያ ሞዴል ያተረፈው ስም ከብልሽቱ በላይ ዕድሜ አለው።

ጠቡ የተጀመረው በ12ኛው ነው። ጸሐፊው በደረቁ፣ ሰው ከመግዛቱ በፊት ካላጣራ የዋጋው ቅናሽ ከየት እንደመጣ ማሰብ እንደነበረበት፣ አሁን ማልቀስ እንደማይገባው ጻፈ። 13ኛዋ አልማረችውም። ለሌባው አንድ ቃል ሳይወጣው የተሰረቀበትን ሰው መገሠጹን አንስታ፣ መኪና ሲገዛ የቁልፉን ምስጠራ የሚመረምር ሰው ካለ እሱ ራሱ አጠራጣሪ ነው አለች። 12ኛው በ14ኛው ተመልሶ ሰውን ሳይሆን ውሳኔን እንደነቀፈ ለማስረዳት ሞከረ፤ ባይመለስ ይሻለው ነበር።

ነገሩን ያቀዘቀዘው 15ኛው ነው፤ የካናዳን ነገር አመጣ። ካናዳ ከመስከረም 2007 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው በሕግ አስገደደች፤ ብሪታንያና አውሮፓ በ1998፣ አውስትራሊያ በ2001 ቀድመዋት ነበር። አሜሪካ አላስገደደችም። ስለዚህ እነዚያው ኩባንያዎች፣ እነዚያኑ መኪኖች፣ ለካናዳ ሲሆን ከነቺፑ፣ ለአሜሪካ ሲሆን ያለ ቺፑ ሸጡ፤ በዩኤስቢ ገመድ ማስነሳቱ የድንበሩን መስመር ተከትሎ ቆመ። ይህን ካነበቡ በኋላ የባለቤቱን ጥፋት መፈለግ ትንሽ ያሳፍራል። 16ኛው ግን ካናዳንም ቅድስት እንዳያደርጓት አስጠነቀቀ፤ የኢሞቢላይዘር ሕጉ የታዳጊ ሌባን ቢያቆምም የተደራጀውን አላቆመም፤ በየካቲት 2024 በመኪና ስርቆት ላይ ብሔራዊ ጉባኤ የጠራችው ያቺው ካናዳ ናት።

እዚህ ላይ ክሩ ተንሸራተተ። 17ኛው በዚያው ጊዜ የካናዳ መንግሥት ፍሊፐር ዜሮ የምትባለውን፣ የሪሞት ሞገድ የምትቀዳና መልሳ የምትልክ ትንሽ መሣሪያ አግዳለሁ ማለቱን አወድሶ ጻፈ። 18ኛው፣ በአነጋገሩ ፕሮግራመር ይመስላል፣ ያቺ መሣሪያ የመኪና ቁልፍ ሞገድ አቀባብላ ማስነሳት እንደማትችል፣ የሪሞቶች ኮድም በየጊዜው እንደሚቀያየር፣ ሌቦቹ የሚጠቀሙበት ሌላና ውድ ዕቃ እንደሆነ ዘለግ አድርጎ አስረዳ። 19ኛው ደግሞ ሁለቱንም ዘለፈ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ መጻፉ ሌባን ማስተማር ነው ባይ ነው፣ የ4ኛው መልስም እንዲጠፋ ጠየቀ። መልሱ የመጣው ከራሱ ከ4ኛው ነው፤ በ20ኛው አጠር አድርጎ፣ ሌባው ይህን ከባለቤቱ ቀድሞ እንደሚያውቅ፣ ያልገባው ሶኬት ተንጠልጥሎ አይቶ መብራት ሊሰረቅብኝ ነበር ብሎ የሚተኛው ባለቤት እንደሆነ ጻፈ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የሚያስተምረው መሣሪያውን የት እንደሚገዛ መንገር ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አልነገረም።

ከ21ኛው እስከ 25ኛው ያለው የውሻ፣ የካሜራና የመኪና ቀለም ወሬ ነው፤ አልፌዋለሁ። ከመሃሉ 23ኛው ብቻ ይነሳ፤ በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ስላለው መስታወቱን ሰብሮ ገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ሲያይ ትቶለት ስለሄደ ሌባ ተረከ። ወንበሩ ላይ የቀረው የሌባው ጓንት ነበር።

26ኛው ላይ ፕሪየስ ያላት ሴት ገባች። ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ፕሪየስ ካታሊቲኩ ለምን እንደሚፈለግ የጻፈችው ከክሩ ውስጥ እጅግ ግልጽ ከሆኑት አንዱ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ። የሃይብሪድ መኪና ሞተር ግማሹን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚቆይ ካታሊቲኩ እንደሌላው አያረጅም፤ ማዕድኑም ብዙ ይተርፋል። የሮዲየም ዋጋ በ2021 ታሪካዊ ጣሪያ ሲነካ በመጋዝ የሚቆርጡት በዙ። የእሷን የቆረጡት መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ስልክ እያወራች ሳለ ነው ብትል ማን ያምናታል። መጋዙን ስትሰማ ጎረቤት ብረት እየቆረጠ መስሏት፣ መኪናዋ በክሪክ ሲነሳ ግን ወንበሯ ዘንበል አለ። ጮኸች፤ ሮጡ፤ ማርሚታው ግን ለሁለት ተቆርጦ ነበር። አሁን ከሥሩ የአሉሚኒየም መሸፈኛ አስበይዳለች፤ እንደማይቆረጥ አታምንም፣ እንደሚያዘገይ ግን ታምናለች። 27ኛው አልሙኒየም እንደማይበየድ ሊያርማት ሞከረ፤ 28ኛው እንደሚበየድ፣ እዚያ ቦታ ግን በብሎን መታሰሩ እንደሚሻል በመግለጽ እሱን አረመው። በዚህ ጉዳይ ብቻ አምስት መልስ ሄደ።

ወደ ጉዳዩ የመለሳቸው 33ኛው ነው። ከፋቹ ማድረግ ያለበትን በቅደም ተከተል እንዲነግሩት ጠየቀ፤ እነሆ ክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ጀመረ። 34ኛው አላርም መከረ። 35ኛው፣ ሰው የአላርም ጩኸት ሲሰማ ከአልጋው እንደማይነሳና ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመሆን እንደማያልፍ ነግሮ፣ የድሮውን የመሪ ብረት አነሳ። 36ኛው የመሪው ብረት ጠንካራ ቢሆንም መሪው ራሱ ቀጭን ክብ ስለሆነ ሌባ ብረቱን ትቶ መሪውን በመጋዝ እንደሚቆርጥ ጠቆመ። 35ኛው አልተረታም፤ ለመቁረጥ ጊዜ ይፈጃል፣ ከውጭም ይታያል፣ ሌባም ከጎኑ ብረት የሌለው መኪና ካገኘ ወደዚያ ይሄዳል አለ። ጎረቤቱ ለምን ይሰረቅ ብሎ የጠየቀው ማንም አልነበረም።

የ7ኛዋ ጸሐፊ በ37ኛው ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ስለ መድን ነው። መከታተያ ተገጥሞ የአገልግሎት ክፍያው ከተቋረጠ ድርጅቱ እንዳልተገጠመ ሊቆጥረው እንደሚችል፣ ሲሰረቅ የመኪናው ቁልፎች በሙሉ እንደሚጠየቁ፣ የተጨመረ ነገር ሁሉ በጽሑፍ መገለጽ እንዳለበት አስረዳች። መከታተያው መኪናውን እንደማይጠብቅ፣ የሚጠቅመው ለማግኘት እንደሆነም አልደበቀችም። ሌቦች ሞገድ ማፈኛ ይዘው ይመጣሉ፤ ወይም የወሰዱትን መኪና ራቅ ያለ መንገድ ላይ ለጥቂት ቀን አቁመው ባለቤቱ ተከታትሎ ይመጣ እንደሆን ያያሉ፤ ካልመጣ ያነሱታል። ኤርታግ የተባለችውን የአፕል ትንሽ የዕቃ መፈለጊያ ለሚመክሩትም፣ አይፎን የያዘ ሌባ የማያውቀው ኤርታግ እየተከተለው መሆኑን ስልኩ እንደሚነግረው አስታወሰቻቸው።

38ኛው ድብቅ ማቋረጫ ቁልፍ አስገጠመ። የነዳጅ ፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ፣ ቦታውን እሱ ብቻ የሚያውቀው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሌባ አልሞከረውም፤ ሚስቱ ግን ሳይነግራት ልጅ ልታመጣ ወጥታ ሞተሩ አልነሳ ብሏት፣ የሚጎትት መኪና ጠርታ ጋራዥ ድረስ አስጎትታዋለች። መካኒኩ ሁለት ሰዓት ከፈለገ በኋላ ደወለችለት። ቀሪውን አልጻፈውም። 4ኛው በ39ኛው ይህን መንገድ ደግፎ ለከፋቹ ሌላ አማራጭ ጨመረ፤ መሪው ላይ ያሉትን አዝራሮች በተወሰነ ቅደም ተከተል ካልነኩ ሞተሩ የማይነሳበት የኮድ ኢሞቢላይዘር ነው። ሌባው ትክክለኛ ቁልፍ መስሎ ቢያታልል እንኳ ኮዱን አያውቅም። ከዚያ በተጨማሪ ከፓራውልቱ ጀርባ ወደ መብራቱ ሽቦ የሚያስገባውን ክፍት በቆርቆሮ መዝጋት፣ ከመሪው ሥር ያለውን የምርመራ ሶኬት ደግሞ መቆለፍ። ሌባ ባዶ ቁልፍን መኪናው እንዲያውቀው በታብሌት የሚያስመዘግበው በዚያ ሶኬት ነውና።

40ኛው የኩባንያዎች ጠበቃ ሆኖ መጣ፤ አምራቾች ምንም አላደረጉም መባሉ እንዳሳዘነው ጻፈ። ጃጓር ላንድ ሮቨር በብሪታንያ ከ2018 ጀምሮ የተሠሩ መኪኖቹን ደህንነት ለማሻሻል ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መመደቡን፣ አዳዲስ ቁልፎችም ርቀትን በትክክል የሚለካ አልትራ ዋይድባንድ ሞገድ መጠቀም መጀመራቸውን ለምሳሌ አነሳ። ሐቅ ነው። 41ኛው ግን ስድብ ቀረሽ ነበር፤ ያ ገንዘብ የመጣው ባለቤቶቹ መድን የሚሰጣቸው አጥተው ከጮኹ በኋላ እንደሆነ ተናግሮ 40ኛውን ስንት እንደሚከፍሉት ጠየቀው። አወያዩ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዞበታል፤ ብዙዎች ግን ቀድመው አንብበውታል።

42ኛው ላይ ከፋቹ ውሳኔውን ነገራቸው። አይሸጠውም። የሚሸጥበት ዋጋ ከወሬው ጋር ወርዷል፤ በምትኩ የሚገዛው መኪና ደግሞ ነገ በምን እንደሚሰረቅ አያውቅም። የኮድ ኢሞቢላይዘሩን አስገጥሟል፣ ለመድኑም በጽሑፍ አሳውቋል፣ የመሪ ብረትም ገዝቷል። ጋራዡ የመብራቱን ሶኬት ሲቀይር የሌባው መሣሪያ ፒን ያጣመመው አንድ ጫፍ ተገኝቷል፤ 4ኛው እውነቱን ነበር። ሥራው ያልተጠናቀቀው በዚያች በተጣመመች ፒን ሳይሆን እንደማይቀር 4ኛው በ43ኛው ገመተ።

መጨረሻው ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው። 44ኛው ያንኑ ሞዴል ያገለገለ ሊገዛ ያሰበ ሰው ነው። የተሰረቀ እንዳይሸጡለት ምን ይመልከት ብሎ ጠየቀ። 7ኛዋ መለሰችለት፤ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከበሩ ምሰሶና ከሊብሬው ላይ አመሳክር፣ የበሩ ተለጣፊ ጠርዙ ተነስቶ ወይም ከሥሩ የሙጫ ቅሪት ካለ ጥለህ ሂድ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ነው። በዚያ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ፈጽሞ ስለማይገቡ፣ ከእነዚህ ፊደላት አንዱን ቁጥሩ ውስጥ ያየ ሰው ሐሰተኛ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማየት አያስፈልገውም። ሻጩ አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ ሁለተኛው ጠፋ ካለ እንዲጠነቀቅም ነገረችው። 4ኛው በ46ኛው ያከለው፣ ሁለቱም ቁልፍ ቢሰጠው እንኳ ሦስተኛ በሰው ኪስ ሊኖር እንደሚችል ነው። ስለዚህ በገዛ በመጀመሪያው ሳምንት የምርመራ መሣሪያ ያለው ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄዶ መኪናው ስንት ቁልፍ እንደሚያውቅ ያስነብብ፤ ቁጥሩ በእጁ ካሉት ከበለጠ ሁሉም ከኮምፒውተሩ ተደምስሰው በእጁ ያሉት ብቻ እንደገና ይመዝገቡ፤ ለዚህም ሁለቱንም ቁልፎች ይዞ መሄድ እንዳይረሳ።